ቀይ ጭቃ

ቀይ ጭቃ ከቦክሳይት ማዕድን አሉሚና ሲጣራ የሚቀር ዝቃጭ ነው። ማዕድኑ በኮስቲክ ሶዳ ሲቀቀል አሉሚናው ይሟሟል፤ ያልሟሟው ይዘቅጣል። ቀይ ቀለሙን ያገኘው ከብረት ኦክሳይድ ነው፤ ይህም ከዝገት ጋር የሚቀራረብ ውህድ ነው።

ጭቃው ውስጥ የቀረው ሶዳ ቆዳ ስለሚያቃጥል በግድብ ታጥሮ ይከማቻል። እ.ኤ.አ. በ2010 በሃንጋሪ፣ አይካ ከተማ አጠገብ አንዱ ግድብ ተደርምሶ ጭቃው ኮሎንታር መንደርንና ዴቬቸር ከተማን አጥለቀለቀ፤ 10 ሰዎችም ሞቱ።

አንዳንዱ ጭቃ እስከ 60 በመቶ የብረት ኦክሳይድ አለው። ስለዚህ ብረት ከእሱ ለማውጣት ማሰብ አዲስ ነገር አይደለም፤ ነገር ግን በተለመደው የከሰል ምድጃ ሶዲየሙ የምድጃውን ግድግዳ ይጎዳል፣ ደቃቁ ጭቃም አየር በደንብ አያሳልፍም። እ.ኤ.አ. በ2024 በጀርመን ዱሰልዶርፍ የሚገኘው የማክስ ፕላንክ ተቋም ተመራማሪዎች ሌላ መንገድ አሳዩ። ጭቃውን በኤሌክትሪክ ምድጃ፣ 10 በመቶ ሃይድሮጅን ባለው ፕላዝማ አቀለጡት። ሃይድሮጅኑ ኦክስጅኑን ከብረቱ ነጥቆ ውሃ ይሆናል፤ በከሰል ቢሆን ኖሮ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነበር። ብረቱም በ10 ደቂቃ ውስጥ ቀልጦ ከቀሪው ተለየ።

ሙከራው ገና የላቦራቶሪ ነው። በተመራማሪዎቹ ስሌት ጭቃው 50 በመቶ የብረት ኦክሳይድ ካለው ሥራው ያዋጣል።