የወንዝ አፍ ይዘጋ ወይስ አይዘጋ?

የዛሬው ትምህርታችን ስለ ጣና ዓሣ ነው።

ነጭ ዓሣ ኑሮው በሐይቁ ውስጥ ነው። ከዓይነቶቹ ብዙዎቹ እንቁላል የሚጥሉት ግን ወንዝ ወጥተው ነው። በነሐሴና በመስከረም በጉማራና በርብ ወንዞች ሽቅብ ይጓዛሉ። ታዲያ በወንዙ አፍ መረብ ቢዘረጋስ? የምትያዘው እንቁላል የያዘችው እናት ናት። ከእሷ ጋር ዘሯም ይቀራል።

ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ተብሎ ተመዝግቧል። ይኸውም ሰው እየኖረበት ተፈጥሮው የሚጠበቅበት ቦታ ማለት ነው። ታዲያ የወንዙ አፍ በእነዚያ ወራት ለመረብ ይዘጋ የሚሉ አሉ። ልጆቻችን እስከዚያ ምን ይብሉ የሚሉም አሉ። ሁለቱም እውነት አላቸው። ሐይቁ በሙሉ ሳይሆን የወንዙ አፍ ብቻ ቢዘጋ፣ አጥማጁ በሌላ በኩል ቆሮሶ እያጠመደ ይከርማል። የዘር እህሉን የበላ ገበሬ በመኸር ምን ያጭዳል? እስቲ ተወያዩበት።