ለድሀ የሚሠራ ቤት

ሐዋርያው ያዕቆብ በመልእክቱ ምዕራፍ 2 ባለጠጋውን በክብር ወንበር አስቀምጦ ድሀውን በቁሙ የሚያስቀረውን ጉባኤ አጥብቆ ይወቅሳል። ነገሩ ግን በወንበር ብቻ አያበቃም። ቤትም ሰውን ያከብራል ወይም ያዋርዳል። ለዚህ አንድ ምሳሌ እንመልከት።

ሚስተር ሎሪ ቤከር እ.ኤ.አ. በ1917 በእንግሊዝ አገር በበርሚንግሃም ተወለዱ። የክዌከር ማኅበር አባል ነበሩ። በ1945 ለሥጋ ደዌ ሕሙማን የሚያገለግል ሚስዮን አርክቴክት ሆነው ወደ ሕንድ ሄዱ። ሐኪም ከነበሩት ባለቤታቸው ከኤልሳቤጥ ጋር በሂማላያ ተራሮች ብዙ ዓመታት ሲኖሩ፣ በአካባቢው በሚገኝ ድንጋይ፣ ጭቃና እንጨት መሥራትን ከገጠር ሰዎች ተማሩ። የቤት መሥሪያው ሁሉ ከቅርብ ይገኝ የሚለው የማሕተመ ጋንዲ ሐሳብም በልባቸው አድሮ ነበር።

ኋላ በደቡብ ሕንድ በኬረላ ሲሠሩ ጡቡን በማስተኛት ፈንታ በጠርዙ አቁመው፣ በመካከሉ ባዶ ቦታ ትተው ገነቡ። በዚህ መንገድ ከጡቡ ሩብ ያህል ይተርፋል፤ ባዶው ቦታም ሙቀትን ይከላከላል። በአርማታው ጣራ የታችኛ ክፍል አሮጌ የጣራ ሸክላ እየከተቱ ሲሚንቶና ብረት ቀነሱ። በመስኮት ፈንታ ጡቡን እያሳሱ ነፋስና ብርሃን አስገቡ። በ1970ዎቹ በትሪቫንድረም አጠገብ ለዓሣ አጥማጆች የሠሯቸው ቤቶች የባሕሩን ነፋስ በዚህ ዓይነት ግድግዳ ይቀበሉ ነበር።

ከዚህ ምን እንማራለን? አንደኛ፣ ለፋብሪካ ዕቃ ይወጣ የነበረው ገንዘብ ለአካባቢው ግንበኛ የቀን ደመወዝ ይሆናል። ሁለተኛ፣ ሚስተር ቤከር ይህን ዘዴ «የድሀ ቤት» ብለው አልለዩትም። ለኑሮው ለተመቸውም፣ ለከፍተኛ ትምህርት ተቋምም፣ ለራሳቸውም መኖሪያ በዚያው መንገድ ሠሩ። በ2007 እስኪያርፉም በዚያ ቤት ኖሩ።

እርግጥ ችግር አለበት። ያልሠለጠነ ግንበኛ ከያዘው ግድግዳው ይበላሻል። ብዙ ድሆችም አርማታን የክብር ምልክት አድርገው ስለሚያዩ ሌላውን ይንቁታል። በዚህ አንፍረድባቸው። እኛ ልንኖርበት የማንወደውን ቤት ለወንድማችን «ይበቃሃል» ብንለው፣ ያዕቆብ የወቀሰውን ጉባኤ ሆንን ማለት ነው።

ስለዚህ በየፕሮጀክቱ የምታገለግሉ ወንድሞችና እኅቶች፣ ክሊኒክ ወይም ትምህርት ቤት ከመጀመራችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። የሚገለገሉበት ሰዎች በንድፉ ተማክረዋልን? ከገንዘቡ ምን ያህሉ በመንደሩ ይቀራል? እኛስ በዚህ ቤት ልጆቻችንን እናሳድግበታለን? መልሱ አስደሳች ካልሆነ መሠረቱ ሳይቆፈር ንድፉን ማረም ይቻላል።