ስለ ደማቅ የእጅ ፊደል ጠባይና አገልግሎት

በአዳማ፣ በሞጆና በሻሸመኔ በብሩሽ የሚጻፉ ደማቅ ታፔላዎች ዓላማቸው ከሩቅ መነበብ ነው። ይሁን እንጂ በግዕዝ ፊደል ድምፁን የሚለየው በጎን ወይም በግርጌ የሚቀጠለው ትንሽ ምልክት በመሆኑ ውፍረቱ አደጋ አለው። «ምግብ ቤት» በሚለው ውስጥ የ«ቤ» ቀለበት በቀለም ሲደፈን «ቢ» ይመስላል። የለመደ አንባቢ ገምቶ ያልፈዋል፤ ንባብ ጀማሪው ሕፃን ግን ያየውን ያነባል። በ1984 ዓ.ም. ለኦሮምኛ በይፋ የተመረጠው ቁቤ አናባቢውን ለብቻው ስለሚጽፍ ከዚህ ይድናል፤ ረዥሙን አናባቢ ስለሚደርብ ግን ሰሌዳ ይጠበዋል። ቦታ ለመቆጠብ ከድርቡ አንዱን ማስቀረት ደግሞ ቃሉን ሌላ ያደርገዋል።

የግድግዳ ሠንጠረዥ የሚያዘጋጅ መምህር ደማቁን ጽሕፈት ለርእስ ብቻ ቢያውለው ይመረጣል። እግሩን ያወፍር፣ ቀለበቱን ክፍት ይተው፤ ከመስቀሉም በፊት ከመጨረሻው መቀመጫ ሆኖ ያንብበው።