ወደ አምባሰል ለዘመድ ጥየቃ ስንጓዝ

ምስጋና ለአላህ (ሱ.ወ.) የተገባ ነው። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች የምንኖር ብዙ ቤተሰቦች መነሻችን ወሎ ነው። ለአረፋ፣ ለሠርግ፣ ለለቅሶ ወይም ልጆችን ለአያቶቻቸው ለማሳየት ወደ ሐይቅና ወደ አምባሰል እንሄዳለን። ዝምድናን መቀጠል (ሲለቱ ረሒም) ትልቅ ዒባዳ ነው። ነገር ግን ያለ ዝግጅት የተወጣ መንገድ ሁለት ነገር ያበላሻል፤ አንደኛ ሶላታችንን፣ ሁለተኛ የተቀበለንን ሰው ቤት። በዛሬው ዝግጅታችን ሁለቱም ሳይበላሹ እንዴት ደርሰን እንደምንመለስ እንመለከታለን።

ከመነሣታችን በፊት

የመጀመሪያው ነገር የመንገዱን ሰላም ማጣራት ነው። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በተቀሰቀሰው ግጭት ምክንያት መንገድ ድንገት ሊዘጋ እንደሚችል የታወቀ ነው። ስለዚህ ለመነሣት በወሰንበት ዋዜማ ለዘመድ ስልክ ደውለን፣ በመናኸሪያም ጠይቀን እንነሣ። ጥያቄያችን «አገሩ ሰላም ነው?» ብቻ አይሁን፤ «ዛሬ መኪና አልፏል ወይ?» ብለን እንጠይቅ። መንገዱ የሚያሰጋ ከሆነ መቅረት ዝምድና መቁረጥ አይደለም። በስልክ መጠየቅም፣ አቅም ያለው ገንዘብ መላኩም ዝምድናን መቀጠል ነው።

ሁለተኛው ከሰው ሐቅ መጽዳት ነው። ዕዳ ያለበት ይክፈል፤ መክፈል ካልቻለ ለቤተሰቡ አስታውቆ፣ ጽፎም ይነሣ። ሦስትና ከዚያ በላይ ሆነው የሚጓዙ ሰዎች ከመካከላቸው አንዱን መሪ እንዲያደርጉ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) አዘዋል። ይህ ለቤተሰብም ይጠቅማል፤ ገንዘቡን ማን እንደያዘ፣ ልጆቹን ማን እንደሚጠብቅ ቀድሞ ይታወቃል። እኅቶችም ከመሕረማቸው ጋር እንዲጓዙ ከአሁኑ ይታሰብበት።

መንገዱና አየሩ

ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሄዱ ሐይቅ ከተማ ይገኛል። ያው አውራ ጎዳና ወደ ወልድያ ሲቀጥል የአምባሰል ወረዳ ከተማ የሆነችውን ውጫሌን ያገኛል። በአውሮፕላን መሄድ የሚሻ ኮምቦልቻ ማረፊያ አለ፤ በረራ መኖሩን ግን አስቀድሞ ከአየር መንገዱ ይጠይቅ።

በዚህ መንገድ ላይ አየሩ በአንድ ቀን ውስጥ ብዙ ጊዜ ይለዋወጣል። ደብረ ብርሃንና ጣርማ በር ብርድ ናቸው። ከደብረ ሲና ቁልቁል ተወርዶ ሸዋ ሮቢት፣ አጣዬና ከሚሴ ሲደረስ ሙቀት ነው። ደሴ ላይ ደግሞ ብርዱ ይመለሳል። ሐይቅ ከደሴ ሞቅ ትላለች፤ የአምባሰል ተራሮች ግን ሌሊቱን ብርድ ናቸው። ስለዚህ የልጆች ሹራብና ጋቢ ከላይ ባለው ሻንጣ ሳይሆን በእጅ ይያዝ።

ክረምቱ ካለፈ በኋላ ከመስከረም እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ በቆላው የወባ ትንኝ ይበዛል። ደጋ ያደጉ ልጆች ወባን የመቋቋም አቅም ስለሌላቸው በሸዋ ሮቢት ወይም በከሚሴ የሚያድር ቤተሰብ አጎበር ይያዝ። ከተመለሱ በኋላ በሁለትና በሦስት ሳምንት ውስጥ ትኩሳት የያዘው ሰው ጉንፋን ነው ብሎ አይቀመጥ። ጤና ጣቢያ ሄዶ ደሙን ያስመርምር፤ ቆላ አድሮ እንደነበርም ለሐኪሙ ይንገር።

የመንገደኛ ሶላት

አላህ (ሱ.ወ.) ለመንገደኛ ያቀለለውን ማወቅ የመንገዱ ስንቅ ነው። አራት ረከዓ የሆኑት ዙህር፣ ዐስርና ዒሻ ወደ ሁለት ያጥራሉ። መግሪብና ሱብሒ አያጥሩም። አብዛኞቹ ዑለማዎች ለዚህ የሚያበቃውን ርቀት ወደ 80 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ አድርገው ይገምቱታል፤ ስለዚህ ከአዲስ አበባ ሐይቅ መንገደኛ መሆኑ አያከራክርም። ማሳጠር የሚጀመረው ግን ከቤት ሳይሆን የከተማው ቤቶች ካለቁ በኋላ ነው።

በደረስንበት አገር ስንት ቀን እናሳጥር ለሚለው በወሎ የምናውቃቸው ሁለቱ መዝሀቦች ይለያያሉ። በሻፊዒይ መዝሀብ የመግቢያውና የመውጫው ቀን ሳይቆጠር አራት ቀን ለመቀመጥ ያሰበ ሰው ሙሉ ይሰግዳል። በሐነፊይ መዝሀብ ልኩ አሥራ አምስት ቀን ነው። ዙህርን ከዐስር፣ መግሪብን ከዒሻ አጣምሮ መስገድን (ጀምዕ) ሻፊዒዮች ለመንገደኛ ይፈቅዳሉ። ሐነፊዮች ከሐጅ ውጪ አይፈቅዱም። ሁሉም የየራሱን ይያዝ፤ በአንድ አውቶቡስ ውስጥ በዚህ መከራከር አይገባም። ነዋሪ ኢማም ተከትሎ የሚሰግድ መንገደኛ ግን ከኢማሙ ጋር ሙሉውን ይሰግዳል።

በተግባር እንዲህ ይሁን። አገር አቋራጭ አውቶቡስ በንጋት ስለሚነሣ ሱብሒን ወቅቱ ከገባ ሰግደን እንሣፈር፤ ካልገባ ፀሐይ ሳትወጣ እንዲቆምልን ሾፌሩን ገና ስንሣፈር በትህትና እናስታውቀው። ለምሳ በሚቆምበት ቦታ ቀድመን ዉዱእ እናድርግና ከምግቡ በፊት እንስገድ። ከሚሴና ኮምቦልቻ መስጊድ ለማግኘት አያስቸግሩም። ካልሲውን ሳይሆን ዉዱእ ላይ ሆኖ የቆዳ ኹፍ ያጠለቀ መንገደኛ ሦስት ቀን ከነሌሊቱ በላዩ ማበስ ይችላል። ውኃ ያጣ በንጹሕ አፈር ተየሙም ያደርጋል።

የሐይቁ ዳርቻ

ልጆች ሐይቁን ሳያዩ አይመለሱም። ከዳር ሆኖ ሲታይ ለስላሳ ቢመስልም ጥልቀቱ ከ80 ሜትር ያልፋል። ስለዚህ ዋና የማያውቅ ልጅ ከውኃው ዳር ብቻውን አይተው። ዓሣው ለሙስሊም ቤተሰብ ምቹ ምግብ ነው፤ የባሕር እንስሳ መታረድ ስለማያስፈልገው ማን አጠመደው ብሎ መጨነቅ የለም። ሥጋ ስንፈልግ ግን በአገራችን በቆየው ልማድ የሙስሊም ምግብ ቤት ጠይቀን እንገባለን።

በሐይቁ ውስጥ በ13ኛው ክፍለ ዘመን በአባ ኢየሱስ ሞዐ የታወቀው የእስጢፋኖስ ገዳም አለ። ቦታው ጥንት ደሴት ነበር፤ አሁን በአንድ ወገኑ ከየብስ ተያይዟል። ሴቶች አይገቡበትም። ታሪክ ለማየት የሚፈልግ ወንድ ፈቃድ ጠይቆ፣ የቦታውን ሥርዓት ጠብቆ ይመልከት። እናቶችና ልጃገረዶች በር ላይ ደርሰው እንዳይመለሱ ይህን አስቀድመው ይወቁ።

የግሸን ሰሞን

ግሸን በአምባሰል ወረዳ ያለ፣ አናቱ የመስቀል ቅርጽ ያለው አምባ ነው። በቀድሞ ዘመን የነገሥታት ልጆች ይጠበቁበት ነበር። ኦርቶዶክስ ክርስቲያኖች የመስቀሉ ክፋይ ያለበት ቦታ ነው ብለው ስለሚያምኑ በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን ከመላው አገሪቱ ይመጣሉ። ለእኛ መንገደኞች ትርጉሙ ይህ ነው፤ ከመስቀል በዓል እስከ መስከረም 23 ድረስ አውቶቡስ ማግኘት ያስቸግራል፣ በደሴና በአካባቢዋ ማደሪያ ይጠባል፣ ወደ አምባው የሚወጣው የተራራ መንገድም በሰውና በመኪና ይሞላል። የእኛ በዓላት በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ያህል ወደ ኋላ ስለሚመጡ አንዳንድ ጊዜ ከዚህ ሰሞን ጋር ይገጥማሉ። በ2016 ዓ.ም. መውሊድና ደመራ በአንድ ቀን፣ መስከረም 16 ውለዋል። ልጆችን ለአያት ለማሳየት ያሰበ ቤተሰብ የሚቻለው ከሆነ ጳጉሜን ይምረጥ ወይም ከመስከረም 25 በኋላ ይነሣ።

በዚያው ሰሞን አገር ቤት ያለን ከሆነ ደግሞ ተሳላሚው በደጃችን ያልፋል። አንዳንዱም የሥጋ ዘመዳችን ነው፤ በወሎ በአንድ ቤተሰብ ሙስሊምም ክርስቲያንም መኖሩ እንግዳ ነገር አይደለም። በአምልኮው አንካፈልም። ለደከመ መንገደኛ ውኃ ማቅረብ፣ ጥላ ማሳረፍና መንገድ ማሳየት ግን የሃይማኖታችን ሥርዓት ነው። አላህ (ሱ.ወ.) በሃይማኖታችን ምክንያት ላልተጋደሉን በጎ እንድንውል፣ በፍትሕም እንድንኗኗር አልከለከለንም፤ ይህ በሱረቱል ሙምተሒና ይገኛል። የምናቀርበውንም እንወቅ። እኛ ያረድነውን ሥጋ እነሱ በልማዳቸው አይበሉም፤ ዕለቱ ረቡዕ ወይም ዓርብ ከሆነም ወተትና ቅቤ አይቀምሱም። ዳቦ፣ ቆሎ፣ ቅቤ የሌለው ሽሮና ቡና ግን እንግዳውንም አስተናጋጁንም አያሳፍርም።

እንግድነታችን

የመጨረሻው ጉዳይ ከሁሉም ይበልጣል። የወሎ ሰው እንግዳ ሲመጣ የለኝም አይልም፤ ተበድሮም ቢሆን ያርዳል። ይህ አገር ደግሞ በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ደሴም፣ ሐይቅም፣ የገጠሩ ቤትም ተጎድቷል። ከብቱን ያጣ፣ እህሉ የተወሰደበት ብዙ ነው። እኛ ስድስትና ሰባት ሆነን ባዶ እጃችንን ገብተን ሳምንት ስንቀመጥ አጎታችን እየሳቀ ይሸኘናል፤ የቀረበልን በግ ግን ለልጁ ደብተር መግዣ የታሰበ ሊሆን ይችላል።

ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) የእንግድነት ልኩ ሦስት ቀን መሆኑን፣ ከዚያ ያለፈው ምጽዋት መሆኑን፣ እንግዳም አስተናጋጁን እስኪያስቸግር መቀመጥ እንደማይገባው አስተምረዋል። ስለዚህ ስንሄድ ስኳር፣ ቡና፣ ሳሙናና ዘይት ይዘን እንሂድ። ለልጆች ደብተርና እስክሪብቶ እንጨምር። መኝታ እንዳያስጨንቃቸው ጋቢና ብርድ ልብስ ከእኛ ጋር ይኑር። ገንዘብ የምንሰጥ ከሆነ በሰው ፊት አይሁን፤ ጓዳውን ለምታውቀው ለእቴቴ በእጇ እናስይዛት። ዕርድ ሳይጀመር «እኛ ሽሮ ናፍቆን ነው የመጣነው» ማለትም አንዱ ስጦታ ነው። በሦስተኛው ቀን ዱዓ አስደርገን፣ ተመራርቀን እንነሣ።

ልጆቻችን ዘመዶቻቸውን እንዲያውቁ እናስለምዳቸው፤ ዘመዶቻችንም የእኛን መምጣት ሲሰሙ የሚደሰቱ እንጂ የሚጨነቁ አይሁኑ። የመንገደኛ ዱዓ ተቀባይነት ስላለው በየመንገዱ ለአገራችን ሰላም ዱዓ ማድረግን አንርሳ። አላህ (ሱ.ወ.) መንገዳችንን ገር፣ አገራችንን ሰላም፣ ዝምድናችንን የጸና ያድርግልን። አሚን።