«ምን ወሰኑ?» — ጣና ፎረምን እንተዋወቅ

ሚያዝያ 8 ቀን 2008 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ። አርሲ፣ አቦምሳ ውስጥ መንገድ ዳር ካለች ሻይ ቤት ተቀምጠናል። ቴሌቪዥኑ ከጣሪያው ሥር ተሰቅሏል። ድምፁ መጀመሪያም ዝቅ ያለ ነው፤ ከአዋሽ ዳር እርሻዎች ሽንኩርት የጫነ አይሱዙ ባለፈ ቁጥር ደግሞ ጭራሽ ይጠፋል። በመስኮቱ ጣና ሐይቅ ታየ፣ ዘንባባ ታየ፣ ቀጥሎ አዳራሽ። ፕሬዚዳንቶችና ፕሬዚዳንት የነበሩ ሰዎች ተቀምጠዋል፤ ብዙዎቹ ክራቫታቸውን ፈተዋል። ከመካከላቸው ሰፊ የናይጄሪያ ቀሚስና ቆብ ያደረጉ ግዙፍ ሽማግሌ ማይክራፎን ይዘው ይስቃሉ።

አጠገቤ የነበሩት አዛውንት ዱላቸውን በጉልበታቸው መሐል አቁመው ሲመለከቱ ቆዩና፣ «ስለ ምንድን ነው ልጄ?» አሉኝ።

«ስለ ጸጥታ ነው አባባ። ስለ አፍሪካ ጸጥታ።»

«ምን ወሰኑ?»

«ምንም። ይኼኛው ስብሰባ ውሳኔ አያወጣም።»

ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። «ታዲያ አበሉን በምን አንጀታቸው ይበሉታል?»

ሻይ ቤቱ በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ መልስ ግን አልነበረኝም። አርሲ ውስጥ ሽማግሌ ዛፍ ሥር የሚቀመጠው ለመወሰን ነው። ሰው ተገድሎ ጃርሳ ቢያ፣ የአገር ሽማግሌው ማለት ነው፣ ከተሰየመ፣ ቀናት ቢፈጅም ጉማው፣ የደም ካሳው፣ ተቆርጦ ካልተነገረ ሸንጎው ተበተነ አይባልም። ተነጋግረን ተለያየን ብሎ ሽማግሌ አይነሳም። ስለዚህ የአዛውንቱ ጥያቄ ከቀልድ ያለፈ ነበር። ያን ዕለት ያልመለስኩላቸውን አሁን ልሞክረው።

በቴሌቪዥን ያየነው ጣና ፎረም ነው። ሙሉ ስሙ ረዝሞ ስለ አፍሪካ ደኅንነት የሚመክር ከፍተኛ ፎረም መሆኑን ይናገራል። (ደኅንነት የሚለው ቃል በኛ ጆሮ ችግር አለበት። ሻይ ቤት ውስጥ ጮክ ብሎ «ደኅንነት» ያለ ሰው ካለ የጎረቤት ጠረጴዛ ጨዋታውን ዝቅ ያደርጋል፤ የደኅንነት ሰዎቹን እንጂ ሐሳቡን አናስብም። የኦሮምኛው ናጌኛ ይሻላል፤ ጠዋት ሰላምታ ከምንለዋወጥበት ናጋ ከሚለው ቃል የመጣ ነውና።) ፎረሙ ለመጀመሪያ ጊዜ የተካሄደው በሚያዝያ 2004 ዓ.ም. ባሕር ዳር ላይ ነበር። ሐሳቡን ከጠነሰሱት አንዱ ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ናቸው፤ ከአራት ወር በኋላ ነሐሴ 14 ቀን አረፉ። ከዚያ በኋላ ለዓመታት በስማቸው ስለ አፍሪካ አመራር ንግግር ይቀርብ ነበር። የቦርዱ ሰብሳቢ የናይጄሪያው የቀድሞ ፕሬዚዳንት ኦሉሴጎን ኦባሳንጆ ሆኑ፤ ባለ ቆቡ ሰው እሳቸው ናቸው። ኋላ ወንበሩ ወደ ጋናው ጆን ድራማኒ ማሃማ ዞሯል። ሥራውን የሚሠራው፣ ማለትም ጥሪውን የሚልከው፣ ጥናቱን የሚያሰናዳው፣ ሆቴሉን የሚይዘው ደግሞ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር በ1999 ዓ.ም. የተቋቋመው የሰላምና ደኅንነት ጥናት ተቋም ነው።

አካሄዱ እንዲህ ነው። ለብዙ ዓመት ቀኑ ቅዳሜና እሁድ ነበር፤ መሪ በሥራ ቀን ቢሮውን ጥሎ አይመጣም። መጀመሪያ ሰብሳቢው የአፍሪካ ሰላምና ጸጥታ በዓመቱ ምን እንደሚመስል የሚገልጽ ሪፖርት ያቀርባል። ከዚያ በዓመቱ ርዕስ ላይ ውይይት ይከፈታል። በሥልጣን ላይ ያለ ፕሬዚዳንት፣ ከሥልጣን የወረደ፣ የአፍሪካ ኅብረት ሹም፣ የዩኒቨርሲቲ መምህር፣ የሲቪል ማኅበረሰብ ሰው አንድ ላይ ይቀመጣሉ። ለአፍሪካ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የጽሑፍ ውድድርም ይዘጋጃል፤ ያሸነፈ ልጅ ከነዚህ ሁሉ ትልልቅ ሰዎች ጋር ይታደማል። ሲያበቃ የጋራ መግለጫ አይወጣም፣ ድምፅ አይሰጥም፣ የሚፈረም ወረቀትም የለም።

አዘጋጆቹ ይህንን የባኦባብ ጥላ ሥር ውይይት ይሉታል፤ በብዙ የአፍሪካ አገር ሽማግሌ የሚቀመጠው ባኦባብ ሥር ነው ብለው። እዚህ ላይ ትንሽ እሰናከላለሁ። ባኦባብ በኢትዮጵያ የሚበቅለው በተከዜ ቆላ፣ በሁመራና በመተማ በኩል ነው እንጂ ባሕር ዳር አይታወቅም። ዋርካ ቢሉት ጎጃሜው ይገባው ነበር፤ ኦዳ ቢሉት ደግሞ አዛውንቴ። ኦዳ ሮባ የአርሲና የባሌ ኦሮሞ የገዳ መሰብሰቢያ ነው። ገዳ በ2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ መዝገብ ሲሰፍር የሻይ ቤታችን ደስታ ትዝ ይለኛል።

አሁን ወደ ጥያቄው እንምጣ፤ ካልወሰኑ ለምን ተሰበሰቡ? የሚወስነው ሌላ ስለሆነ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ 15 አባላት ያሉት የአፍሪካ ኅብረት የሰላምና ጸጥታ ምክር ቤት አለ። ጦር ይላክ አይላክ፣ በመፈንቅለ መንግሥት ሥልጣን የያዘ አገር ይታገድ አይታገድ የሚባለው እዚያ ነው። እዚያ የሚቀመጥ ሰው ግን የሚናገረው ከአገሩ ተጽፎ የመጣለትን ነው፤ አንዲት ቃል ቢያዛንፍ ማታውኑ ስልክ ይደወልለታል። ከዋና ከተማው 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ሐይቅ ዳር ሲቀመጥ ነገሩ ይላላል። የማይፈርም ሰው ጎረቤቱን «አንተኮ ታጣቂዎቹን ታስጠልላለህ» ሊለው ይችላል። ጎረቤቱም ተቆጥቶ አዳራሹን ቢለቅ ለቡና ሲወጡ እዚያው በረንዳ ላይ ይገናኛሉ።

ፈሊጡ አዲስ አይደለም። ጀርመኖች ከ1963 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሙኒክ ላይ እንዲህ ያለ ጉባኤ አላቸው፤ ፑቲን በ2007 እ.ኤ.አ. አሜሪካን ፊት ለፊት የነቀፉበት መድረክ ነው። እስያውያን ከ2002 እ.ኤ.አ. ወዲህ ሲንጋፖር ላይ ይገናኛሉ። እንግሊዞች ደግሞ ከ1927 እ.ኤ.አ. የጀመረ አንድ ደንብ አላቸው፤ በስብሰባው የሰማኸውን ተጠቀምበት፣ ማን እንዳለው ግን አትናገር። የዓለም ጸጥታ ንግግር በሁለት ይከፈላል ማለት ነው፤ ለካሜራ የሚነገረውና ካሜራው ከወጣ በኋላ የሚነገረው። ለካሜራ ከተነገሩት ሁሉ ታላቁን የተናገርነው እኛ ነን። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጄኔቫ ላይ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ለመንግሥታት ማኅበር በአማርኛ ንግግር ሲጀምሩ የጣሊያን ጋዜጠኞች በፉጨት አወኳቸው። ጋዜጠኞቹ ከአዳራሹ ተወሰዱ፣ ንጉሡም ቀጠሉ። ዓለም ሰማ፤ በወራሪዋ ጣሊያን ላይ የነበረው ማዕቀብ ግን በቀናት ውስጥ እንዲነሳ ተወሰነ። በግልጽ መድረክ መናገር ብቻውን እንደማይበቃ ለመማር ከዚያ በላይ የከፈለ አገር አላውቅም።

የጣና ርዕሶችን በተራ ብቆጥራቸው እናንተንም እኔንም እንቅልፍ ይወስደናል። የተደራጀ ወንጀል ነበር፣ ከአህጉሩ በስውር የሚሸሸው ገንዘብ ነበር፣ የተፈጥሮ ሀብት ነበር። በ2010 ዓ.ም. የአፍሪካ ኅብረት ራሱን እንዴት ያስተዳድር፣ ከየትስ ገንዘብ ያግኝ የሚለው ተነሳ። ሁለት ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ ኪጋሊ ላይ መሪዎቹ ከውጭ ከሚገባ ዕቃ 0.2 በመቶ ለኅብረቱ ይቀነስ ብለው ተስማምተው ነበር። ውይይቱ ጥሩ ነው፤ የኅብረቱ ዋና ሕንጻ የቻይና ስጦታ፣ የሰላምና ጸጥታው ሕንጻ የጀርመን ስጦታ መሆኑን፣ ፎረሙም ራሱ ከውጭ አጋሮች ድጋፍ ነጻ እንዳልነበረ ለሚያስታውስ ሰው ግን ፈገግ ያሰኛል።

ከርዕሶቹ ይልቅ የሚገርመኝ ቀኖቹ ናቸው። የ2007ቱ ፎረም ሚያዝያ 10 እና 11 ተደረገ፤ ርዕሱ ሃይማኖት ወደ ፖለቲካ ሲገባ የሚል ነበር። በሁለተኛው ቀን፣ እሁድ፣ አይሲስ ሊቢያ ውስጥ ወደ 30 የሚጠጉ ኢትዮጵያውያን ክርስቲያኖችን ሲገድል የሚያሳየውን ቪዲዮ ለቀቀ። አገሩ በሙሉ ሐዘን ተቀመጠ። በዓመቱ፣ እኛ ሻይ ቤት ሆነን ያየነው ፎረም ሊከፈት አንድ ቀን ሲቀረው፣ ከደቡብ ሱዳን የተሻገሩ የሙርሌ ታጣቂዎች ጋምቤላ ገብተው ከ200 በላይ ሰው ገደሉ፤ ከ100 በላይ ሕፃናትም ወሰዱ። የዚያ ዓመት ርዕስ አፍሪካ በዓለም የጸጥታ አጀንዳ ያላት ቦታ ነበር። ኮፊ አናን መጥተው መሪዎች ጊዜያቸው ሲያበቃ ወንበር ይልቀቁ፣ ያሸነፈ ሁሉን ይጠቅልል የሚባለው ምርጫም ይቅር አሉ። ደፋር ንግግር ነው። በኛ በኩል ግን ከኅዳር ጀምሮ ኦሮሚያ ተቃውሞ ላይ ነበረች፤ የሻይ ቤቱ ወሬ ሌላ ነበር።

ሦስተኛው ይብሳል። በ2011 ዓ.ም. ፎረሙ ሚያዝያ 26 እና 27፣ በዳግማ ትንሣኤ ሰሞን፣ ባሕር ዳር ተቀመጠ። ከአሥመራ ጋር እርቅ ከወረደ ዓመት አልሞላም፤ ካርቱም ላይ አል በሺር ከወደቁ ገና ሦስት ሳምንት ነው። ርዕሱም ይህንኑ ተስፋ ተከትሎ በአፍሪካ ቀንድ ብቅ ያለውን ሰላም እንንከባከብ አለ። ሰባት ሳምንት ሳይሞላ፣ ሰኔ 15፣ በዚያው ከተማ የክልሉ ርዕሰ መስተዳድር ዶክተር አምባቸው መኮንንና ባልደረቦቻቸው ተገደሉ፤ በዚያው ምሽት አዲስ አበባ ላይ የጦር ኃይሎች ኤታማዦር ሹም ጄኔራል ሰዓረ መኮንን ተገደሉ። በቀጣዩ ዓመት ኮሮና ፎረሙን አዘገየው፤ ከግድያው ዓመት ተመንፈቅ ሳይሞላ ደግሞ የሰሜኑ ጦርነት ጀመረ።

ይህንን ይዞ ፎረሙን መቀለጃ ማድረግ ቀላል ነው፤ እኔም አድርጌዋለሁ። ነገር ግን ሐኪም ቤት ስለተሠራ ሰው መታመሙን አያቆምም። የኔ ቅሬታ ሌላ ነው። ዛፍ ሥር የሚካሄድ ሸንጎ መለያው ከዳር ቆሞ የሚሰማ ሰው መኖሩ ነው። ከብት የሚያግደው ልጅ ሳይቀር ያዳምጣል፣ ባለጉዳዩም አፍንጫው ሥር ይፈረድለታል። በጣና ዳር ቋንቋው እንግሊዝኛና ፈረንሳይኛ ነው፤ ለአቦምሳ የሚደርሰን የሦስት ደቂቃ ዜና ነው፣ እሱም በአይሱዙ ድምፅ የተቆረጠ። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የውጭ ጉዳይና የአገር ደኅንነት ፖሊሲ ትልቁ ሥጋታችን ድህነትና የውስጥ ድክመታችን ነው ሲል፣ ሥጋቱ የኛው ደጅ እንደሆነ መንግሥት ራሱ አምኖ ነበር። ደጁ የኛ ከሆነ ወሬውም ለኛ በቋንቋችን ቢደርስ ምን ነበረበት?

ደግሞ ሲንቄ አለች። አርሲ ውስጥ ሴት ስታገባ ከእናቷ የምትቀበላት ቀጭን በትር ናት። ሁለት ወገን ጦር መዝዞ ሲፋጠጥ ሴቶቹ ሲንቄያቸውን ይዘው እልል እያሉ መሐል ይገባሉ፤ ወንድ በነሱ አልፎ መምታት ነውር ነው፣ እርግማንም አለበት። ሻይ የምትቀዳልን አዴ እናቷ አንዴ እንዲህ ወጥተው እንደነበር ነግራናለች። «ጫማ እንኳ አላደረገችም፤ ሮጣ ነው የወጣችው» ነበር ያለችው። ወደ ጣና ዳር አዳራሽ ሴቶች ተጋብዘው ይገባሉ፤ ሮጠው መሐል የሚገቡበት በር ግን የለውም።

ፎረሙ ከረጅም ዕረፍት በኋላ ከጥቅምት 4 እስከ 6 ቀን 2015 ዓ.ም. ባሕር ዳር ላይ እንደገና ተገናኘ። ሰሜኑ ገና በጦርነት ይነድ ነበር። ከሁለት ሳምንት ተኩል በኋላ፣ ጥቅምት 23፣ ፕሪቶሪያ ላይ የፌዴራል መንግሥትና ሕወሓት ግጭት ለማቆም ፈረሙ። ያን ዕለት ማታ እዚያችው ሻይ ቤት ነበርኩ። አዛውንቱ አርጅተዋል፣ ዱላው ግን ያው ነው። በመስኮቱ ፈራሚዎቹ ታዩ፣ ከጎናቸው አስታራቂዎቹ ነበሩ።

«ቆይ ቆይ» አሉ ዱላቸውን ወደ ላይ ቀስረው። «ይኼ ባለ ቆቡ፣ ያኔ ሐይቅ ዳር ያየነው አይደለም?»

«ናቸው አባባ። ኦባሳንጆ ናቸው። አሁን የአፍሪካ ኅብረት ለቀንዱ የሾማቸው ዋና አደራዳሪ ሆነዋል።»

«እነዚህን ሰዎች ከየት ያውቃቸዋል?»

«በየስብሰባው ነዋ። ለዓመታት ሲመላለሱ ኖረዋል።»

«ኸኽ» አሉና ዝም አሉ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ፣ «ያቺስ ሴት ማን ናት?»

«ፉምዚሌ ምላምቦ ንግኩካ ይባላሉ። የደቡብ አፍሪካ ምክትል ፕሬዚዳንት ነበሩ። ከአደራዳሪዎቹ አንዷ ናቸው።»

አዛውንቱ አንገታቸውን አስግገው እጆቿን በመስኮቱ ውስጥ ፈለጉ። «ሲንቄዋን የት ጥላት መጣች?» አሉ፤ አዴም ከምድጃው ዘወር ሳትል ሳቀች።