ያረጀ ላንድክሩዘር በእንጅባራ ከፍታ፦ የአንዲት ክዳን ፊዚክስ

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1951 የቶዮታ ኩባንያ የሠራው «ቢጄ» የተባለ በአራቱም ጎማ የሚነዳ መኪና የጃፓንን የፉጂ ተራራ እስከ ስድስተኛው ጣቢያ ድረስ ወጣ። ቦታው ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ያለ ነው። ከሦስት ዓመት በኋላም የዚያ መኪና ዘር «ላንድክሩዘር» የሚለውን ስም ያዘ። በጃፓን እንደ ድል የተቆጠረው ከፍታ ግን ለአዊ ዞን ነዋሪ የሚያስደንቅ አይደለም፤ እንጅባራ የተቆረቆረችው ወደ 2,560 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ነውና። ዳንግላም ብትሆን ከ2,100 ሜትር በላይ ናት። በዚህ ጽሑፍ ይህ ከፍታ በአንድ ያረጀ የቅንጦት መኪና ላይ ምን እንደሚያደርግ፣ ከራሳችን ስሕተት በመነሣት፣ ለማየት እንሞክራለን።

በአገራችን ላንድክሩዘር ለረጅም ዘመን የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና የእርዳታ ድርጅቶች መኪና ሆኖ ኖሯል። ከእነርሱ እጅ ሲወጣም ወደ ግለሰቦች ይተላለፋል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 በአሮጌ ተሽከርካሪዎች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጥሏል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን አስታውቋል። ስለዚህ በእጅ ያለውን መኪና ጠግኖ ማቆየት እንደ ድሮው የትርፍ ጊዜ ጉዳይ ብቻ አይደለም።

የሚታየውን አደስን፤ የማይታየውን ረሳን

እኛ የገዛነው በተለምዶ «80 ተከታታይ» የሚባለውን ነው። የቆዳ ወንበሩ ተሰነጣጥቋል፤ ቀለሙም ደብዝዟል። ወንበሩን አሰፋን፤ ቀለሙን አስቀባን። ሥራው ሲያልቅ መኪናው አዲስ መሰለ። ይሁን እንጂ ከቡሬ በቲሊሊ በኩል ወደ እንጅባራ ስንጓዝ፣ ዘንገና ሐይቅ አጠገብ ስንደርስ የሙቀት መለኪያው መርፌ ወደ ቀዩ ተጠጋ። ከኮፈኑ ሥርም እንፋሎት ተነሣ።

አንድ ጋራዥ «ራዲያተሩ ተደፍኗል» ብሎ አስለወጠን። መኪናው መፍላቱን አልተወም። እኛም በየዓመቱ ስለ ፈሳሾች የመፍላት ነጥብ የምናስተምር ሰዎች «ጥፋቱ የከፍታው ነው» ብለን ተጽናናን። ውሃ በጀሪካን እየጫንን ለወራት ነዳነው።

በመጨረሻ ዳንግላ ውስጥ ወደሚሠሩ አንድ አንጋፋ መካኒክ ሄድን።

«መምህር፣ የራዲያተሩን ክዳን ያስለኩት መቼ ነው?» ሲሉ ጠየቁን።

«ጋሼ፣ ክዳን ደግሞ ይለካል?»

እርሳቸውም መልስ ሳይሰጡ ክዳኑን መለኪያ ካለው የእጅ ፓምፕ ጋር አገናኝተው ግፊት ሰጡት። በክዳኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር 0.9 ነው። መርፌው ግን 0.3 ላይ ሲደርስ ክዳኑ አየር ለቀቀ። ከዚያም የቴርሞስታቱን ቤት ፈትተው አሳዩን፤ ባዶ ነበር። ከእኛ በፊት መኪናው የፈላበት ሰው አውጥቶ ጥሎታል።

ከፍታ ምን ይወስዳል?

ጉዳዩን በቁጥር እንመልከተው። በባሕር ወለል ላይ የአየር ግፊት 101 ኪሎፓስካል ገደማ ነው፤ በእንጅባራ ወደ 74 ይወርዳል። የመኪናችን ሞተር ቱርቦ የሌለው ባለ ስድስት ሲሊንደር የናፍጣ ሞተር ነው። የእያንዳንዱ ሲሊንደር ስፋት 94 ሚሊሜትር፣ የፒስተኑ ጉዞ 100 ሚሊሜትር ነው፤ ጠቅላላ ይዘቱ 4,164 ሲሲ እንደሚሆን አንባቢው ራሱ አስልቶ ማረጋገጥ ይችላል። ይህ ይዘት በከፍታ አይለወጥም። በውስጡ የሚገባው አየር ግን ከአራት እጅ አንድ እጅ ያህል ይቀንሳል። የናፍጣው ፓምፕ ለባሕር ወለል የተስተካከለ ከሆነ ነዳጁ በሙሉ አይቃጠልም፤ ጥቁር ጭስ ይወጣል። ራዲያተሩን የሚያቀዘቅዘው አየርም በዚያው ልክ ሳስቷልና ሙቀት የመውሰድ አቅሙ ያንሳል።

ሙቀቱስ ምን ያህል ነው? 2,500 ኪሎግራም የሚመዝን መኪና ከዓባይ ድልድይ ወደ ደጀን ሲወጣ 1,400 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። ለዚህ ብቻ 34 ሚሊዮን ጁል ሥራ ያስፈልገዋል። በግምት ከነዳጁ ጉልበት ሲሶው ወደ ሥራ፣ ሲሶው ወደ ጭስ ማውጫ፣ ሲሶው ወደ ማቀዝቀዣው ውሃ ይሄዳል። እንግዲህ ወደ ውሃው የሚገባው ሙቀትም ያንኑ ያህል ነው ማለት ነው። ይህ ሙቀት 20 ዲግሪ ሴልሺየስ የነበረ ከ100 ሊትር በላይ ውሃ እስከ መፍላት ሊያደርስ ይችላል። መኪናው የያዘው ግን የዚህን አንድ አሥረኛ ያህል ብቻ ነው።

ክዳኗና ቴርሞስታቱ

በእንጅባራ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ በ91.5 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ በዳንግላ በ93 ገደማ። ክዳኑ ላይ የሰፈረው 0.9 ከውጭው አየር በላይ ወደ 88 ኪሎፓስካል የሚጠጋ ግፊት ይይዛል ማለት ነው። በዚህን ጊዜ ጠቅላላው ግፊት 162 ኪሎፓስካል ይሆንና ውሃው የሚፈላው በ114 ዲግሪ ነው። ክዳኑ በ0.3 ከለቀቀ ግን በ101 ይፈላል። አንዲት ላስቲክ በመድረቋ 13 ዲግሪ አጣን። ውሃው በሞተሩ ውስጥ ሲፈላ እንፋሎቱ ሙቀትን እንደ ውሃ አይሸከምም፤ ቴስታታውም በአንድ ወገን ብቻ ይግልና ይጣመማል።

የቴርሞስታቱ ጥፋት ደግሞ በሐሰት ምስክር የተፈረደ ነው። እንዲህ ያለው ቴርሞስታት በ82 ዲግሪ መከፈት ይጀምራል፤ በ95 ሙሉ በሙሉ ይከፈታል። ክዳኑ ጨርሶ ካልያዘ በእንጅባራ ውሃው በ91.5 ይፈላልና ቴርሞስታቱ ገና ሙሉ በሙሉ ሳይከፈት ይቀድመዋል። ይህን ያየ ሰው «ቴርሞስታቱ ዘጋ» ብሎ ያወጣዋል። ጥቂት ጊዜ የተሻለ ይመስላል። ነገር ግን በቀዝቃዛው የእንጅባራ ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ ይሠራል፤ ያልተቃጠለ ናፍጣም ከሞተር ዘይቱ ጋር ይቀላቀላል። በብዙ ሞተሮች ቴርሞስታቱ ሲከፈት ሌላውን አቋራጭ ቧንቧ ይዘጋል። ከወጣ አቋራጩ እንደ ተከፈተ ይቀራል፤ በዳገት ላይ ከፊሉ ውሃ ራዲያተሩን ሳያይ ተመልሶ ወደ ሞተሩ ይገባል። በዚህም የተነሣ መኪናው በብርድ ይበልጥ ይበርዳል፤ በሙቀት ይበልጥ ይሞቃል።

ለተማሪዎች አንድ ሙከራ

ቴርሞስታትን በክር አንጠልጥላችሁ ከቴርሞሜትር ጋር በድስት ውሃ ውስጥ አሞቁት። በ82 ዲግሪ አካባቢ መንቀሳቀስ ሲጀምር ታዩታላችሁ። ነገር ግን ልብ በሉ፤ በእንጅባራ ክፍት ድስት ከ91.5 በላይ ስለማይሄድ ጤነኛ ቴርሞስታት እንኳ ሙሉ በሙሉ ሲከፈት አታዩም። «ተበላሽቷል» ብላችሁ እንዳትጥሉት።

አንድ ማስጠንቀቂያም እንጨምር። የሞቀ ራዲያተርን ክዳን ፈጽሞ አትክፈቱ። 110 ዲግሪ የደረሰ ውሃ ግፊቱ በድንገት ሲለቀቅ ከእያንዳንዱ ሊትር ከ70 ሊትር በላይ እንፋሎት ይወጣል፤ ፊትን የሚያቃጥለው ይህ ነው።

በመጨረሻ

መካኒኩ አዲስ ክዳንና ቴርሞስታት ገጠሙልን፤ በምንጭ ውሃ ፋንታም ዝገት የሚከላከል ማቀዝቀዣ ፈሳሽ ሞሉ። ይሁንና የወራቱ ፍላት ሥራውን ሠርቷል። ቴስታታው ተጣሞ ስለ ነበር ወርዶ በማሽን ተስተካከለ፤ ማሸጊያውም ተለወጠ። ለክዳኗ ያልከፈልነውን ገንዘብ ለቴስታታው እጥፍ ድርብ አድርገን ከፈልን። ከፍታው በእርግጥ ግፊትን ይቀንሳል። ሒሳባችንም ትክክል ነበር። የጎደለን ነገር ቢኖር ሒሳቡን በመኪናው ላይ ለክቶ ማየት ነው።

በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የአገው ፈረሰኞች በእንጅባራ ሜዳ ሲሰለፉ ያየ ሰው ኮርቻውና ጌጡ ዓይኑን ይስበዋል። ፈረሰኛው ግን ዳገት ሲወጣ የሚያዳምጠው የፈረሱን ትንፋሽ ነው። ያረጀ መኪና የሚያድስ ሰውም ከቀለሙና ከወንበሩ በፊት ትንፋሹን ቢለካ ይሻለዋል።