ክፍል ሁለት መቼ ነው?

አምና፣ አንደኛ ዓመት ሳለን፣ ከሁለት የክፍል ጓደኞቼ ጋር በሞባይል የ12 ደቂቃ ፊልም ሠርተን ነበር። ታሪኩ ድሬዳዋ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ልብስ ስለምትሰፋ ልጅ ነው። (ፓርኩ ከነሐሴ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ነፃ የንግድ ቀጠና ተብሏል፤ እኛ ቤት ግን አሁንም «ፓርክ» ነው።) መጨረሻ ላይ ልጅቷ ማታ ከሰርቪስ ትወርዳለች። ስልኳ ይጠራል፤ እናቷ ናት። ስልኩን ታየዋለች፣ አታነሳውም። አለቀ።

ከዚያ ወዲህ ያገኘን ሁሉ «ክፍል ሁለት መቼ ነው?» ይለናል። እኔም ልቤ አብጦ መጻፍ ጀመርኩ። በባጃጅ መባረር አለ፣ ኮንትሮባንድ አለ፣ ሠርግም አለ። 30 ገጽ ከጻፍኩ በኋላ ግን ራሴንም ሰለቸኝ። ለምን? ውድ አንባቢያን፣ ይህን ጽሑፍ የወለደው ይኸው ጥያቄ ነው።

ክፍል ሁለት የሚሠራበት ምክንያት ግልጽ ነው። ስሙ የታወቀ ነው፤ ተመልካቹም አስቀድሞ ተሰብስቧል። በሀገራችንም «የወንዶች ጉዳይ» ሁለተኛ ፊልም ተሠርቶለታል፤ በኢቲቪ የታየው «ገመና»ም «ገመና 2» ሆኖ ተመልሷል። ችግሩ ስም ተመልካቹን ወንበር ላይ ያስቀምጠዋል እንጂ እስከ መጨረሻው አያቆየውም።

እስቲ «ስፒድ»ን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1994 በወጣው ፊልም አውቶቡሱ ፍጥነቱ በሰዓት ከ80 ኪሎ ሜትር ግድም በታች ከወረደ ቦምቡ ይፈነዳል። ስለዚህ መብራት፣ መታጠፊያ፣ የመንገድ መዘጋጋት ሁሉ ጠላት ይሆናል። በ1997 «ስፒድ 2» መጣ። ዳይሬክተሩ ያው ያን ደ ቦንት ነው፣ ወጪው ግን ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው። አውቶቡሱ በትልቅ የመዝናኛ መርከብ ተተካ፤ ዋናው ተዋናይ ኪያኑ ሪቭስም አልተመለሰም። መርከብ ግዙፍ ነው፣ ግን ቀርፋፋ ነው! ሠሪዎቹ መጠኑን ሲያሳድጉ ልብ የሚያንጠለጥለውን ሕግ ጣሉት። ፊልሙም ወደቀ።

«ተርሚኔተር 2» (1991) ሌላ ነው። በ1984ቱ ፊልም ሳራ ኮነር ከገዳይ ማሽን የምትሸሽ አስተናጋጅ ነበረች። በሁለተኛው ያ ሽብር ለውጧት ራሷ አስፈሪ ተዋጊ ሆናለች። ሊገድላት የመጣውን የሚመስል ማሽን ደግሞ አሁን ልጇን ሊጠብቅ ይመጣል። ታዲያ ትመነው? የመጀመሪያው ፊልም ጠባሳ የሁለተኛው ታሪክ ሆነ ማለት ነው።

የህንድ ፊልም ወዳጆች ደግሞ «ባሁባሊ»ን ያስታውሱ። የ2015ቱ ፊልም ያለቀው ታማኙ ካታፓ ጌታውን መግደሉን ሲናዘዝ ነው። ለምን ገደለው? ሕዝቡ ሁለት ዓመት ሙሉ ይህን ሲጠያየቅ ቆየ፤ በ2017 ሁለተኛው ክፍል መልሱን ይዞ መጣ። ሲኒማውን የሞላው የዕዳ ክፍያ ነበር ብል አላጋነንኩም።

እንግዲህ የገባኝ ይህ ነው፦ ተመልካች «ድገመው» ሲል በእርግጥ የሚፈልገው ያልተቋጨው ነገር እንዲቋጭለት ነው። ያንን ትቶ መኪናና ፍንዳታ የሚጨምር ሰው ላልተጠየቀ ጥያቄ ይመልሳል።

ይህን ያስተማረኝ መጽሐፍ አይደለም። ታላቅ እህቴ እዚያው ፓርክ ውስጥ ሰፊ ናት። አንድ ማታ ከሥራ ስትመለስ 30ውን ገጽ ሰጠኋት። እግሯን ውኃ ውስጥ ነክራ እስከ መጨረሻው አነበበችው።

«አቦ፣ ባጃጁስ ይሁን» አለችኝ። «ልጅቷ ግን ለእናቷ ደወለች?»

ዝም አልኩ። 30 ገጽ ሙሉ እናትየዋ አንድም ቦታ የለችም።

«ለምን እንዳላነሳችው ታውቃለህ?» ብላ ጠየቀችኝ። አላውቅም ነበር። እሷ ግን የምታውቅ ይመስለኛል፤ ስልኳን ገልብጣ አልጋው ላይ አስቀመጠችው።

አሁን ከአንደኛው ገጽ እንደገና ጀምሬያለሁ። ባጃጅ የለም። ስልክ ይጠራል።